ምራቄን የነፈግኳቸው ሴት

ይህ የሆነው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቢቸና ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለቆጨኝ አይደለም። ቢቆጨኝ ኖሮ ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ፣ ስግደቴን ሰግጄ እረሳው ነበር። ያልወጣልኝ ደስ ስላለኝ ነው። የሚያስቸግረኝም ይኸው ደስታ ነው።

አሁን የምኖረው ባለቤቴ ሥራ ባለበት በሐዋሳ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ግን ቢቸና ነው፤ እናቴም ሸክላ ሠሪ ነበረች። የአገራችንን ሰው ለሚያውቅ ይህን ካልኩ ይበቃል። ለማያውቀው ልንገረው፤ እኛን «ጠይብ» ይሉናል፣ ሲብስባቸው ደግሞ ቡዳ። እንስራችንን ከገበያ ገዝተው ውሃ ይቀዱበታል፤ ከእጃችን ግን ውሃ አይጠጡም።

ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ማንጠግቦሽ ልጅ ታመመች። እኚህን ሴት በዚህ ጽሑፍ አንቱ የምላቸው ስለሚገባቸው አይደለም። እናቴ ታላቅን አንቺ ማለት አላስተማረችኝም፤ ስለዚህ ነው።

ልጅቷን ጭስ አጥነው «ማን በላሽ?» እያሉ አስለፈለፏት። ጭስ የበዛበት ሰው የማይጠራው ስም የለም። የእናቴን ስም ጠራች።

እናቴን ከሥራዋ ላይ፣ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ጎትተው ወሰዷት። እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። በአገሩ ልማድ፣ በላች የተባለችው ሴት በሽተኛው ላይ ምራቋን እንትፍ ካለች ይለቀዋል ይባላል። ቤቱ ሙሉ ሰው «እንትፍ በይላት!» ይላታል፤ ከሁሉም የእትዬ ማንጠግቦሽ ድምፅ ይበልጥ ነበር። እናቴ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። ኋላ ልጅቷን አየቻትና አሳዘነቻት። ተፋች።

ጭሱ ሲነሣላት ልጅቷ ቀና ብላ ውሃ ጠየቀች። በቃ፣ ያን ዕለት ማስረጃ ተገኘብን። ባትተፋ ጨካኝ ነበረች፣ ስትተፋ ቡዳ ሆነች። ሸክላዋን የሚገዛት ጠፋ። ደጃችን ላይ ድንጋይ ይወረወር ጀመር። አክስቴ ወዳለችበት ወደ ሞጣ ሸሸን። እናቴ እዚያው ሞተች፣ እዚያው ተቀበረች። ታማ በተኛችበት ወቅት አሥሬ የምትለኝ «ምነው ባልተፋሁ ኖሮ» ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሐዋሳ ሳለሁ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለጥናቱ የጎጃምን አነጋገር የሚያውቁ መረጃ ሰብሳቢዎች እንደሚፈልግ ሰማሁ። ቦታው ቢቸናና ሞጣ ነው ሲሉኝ ሳላመነታ ተመዘገብኩ።

ጥናቱ ሰው በራሱ ወገንና በሌላው ወገን ላይ እንዴት እንደሚፈርድ ለማወቅ ነው። አንዲት አጭር ታሪክ እናነባለን። ዝናብ ሊጥል ሲል አንዲት ሴት የሰው ልጅ መንገድ ላይ ታገኛለች። እናቱን ሳትጠይቅ ቤቷ አስገብታ ታበላዋለች። ልጁ በማግስቱ ይታመማል። ሴትዮዋ አጥፍታለች ወይ? ብለን እንጠይቃለን። ለግማሹ ሰው ሴትዮዋ «ጎረቤት» ናት፣ ለግማሹ «ሸክላ ሠሪ»። ሌላው ቃል ሁሉ አንድ ነው። ለአንድ ሰው አንዱ ብቻ ይነበባል። መምህሩ ስለ ራሳችን እንዳናወራ፣ ፊታችንም ግድግዳ እንዲሆን አጥብቆ አስጠንቅቆናል።

የእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት የደረሰው አብራኝ መረጃ ለምትሰበስብ ጓደኛዬ ነበር። ለምኜ ተለዋወጥኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

እትዬ ማንጠግቦሽ አርጅተዋል እንጂ አልደከሙም። አላወቁኝም። ነጠላዬንና ማተቤን አይተው «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ ከሞጣ ነው የመጣሁት አልኳቸው፤ ውሸት አልነበረም። አነጋገሬን ወደዱልኝ። «የጨዋ ልጅ ነሽ፣ ያስታውቃል» አሉ። ጨዋ እኛ አገር ሥርዓት ያለው ማለት ብቻ አይደለም። ጠይብ ያልሆነ ማለትም ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። የጾም መፍቻው ሰዓት ደርሶ ሽሮ አቀረቡና ካልበላሽ አልመልስልሽም አሉኝ። ከአንድ ትሪ በላን። በእጃቸው አጎረሱኝ። እኔም አጎረስኳቸው፤ ጣቴን እስኪነኩኝ ድረስ አፋቸውን ከፍተው ጎረሱ።

ከዚያ የጎረቤቲቱን ታሪክ አነበብኩላቸው።

«እሰይ፣ እግዜር ይስጣት» አሉ። «ታዲያ ልጁን ዝናብ ይምታው? ያመመው ብርድ ነው። እሷ ምን አደረገች?»

ሥራዬ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ግን ወረቀቱን ገልብጬ የሸክላ ሠሪዋንም አነበብኩ። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

«ይቺማ አውቃ ነው። ምን ልትሆን ነው የሰው ልጅ ቤቷ የምታስገባ? አበላሁት ብላ በላችው እንጂ!»

ሁለቱ እኮ አንድ ታሪክ ነው አልኳቸው።

«እንዴት አንድ ይሆናል? ያችኛዋ ጎረቤት ናት፤ ይቺ ጠይብ።»

«ጠይብ ጎረቤት አይሆንም?»

«ነበረችብን አንዲት» አሉ። «ልጄን በልታ፣ ተፍታላት ነው የተረፈችልኝ። ጊዮርጊስን፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።»

ወረቀቶቼን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «እኔ የእሷ ልጅ ነኝ» አልኩ።

ዓይናቸው ከፊቴ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ ትሪው ሄደ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረጉ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን የቅኔ አገር ልጅ ነኝ፤ ስማቸውም ራሱ ይጣራ ነበር።

«ምሳው ጣፋጭ ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው፤ «ስምዎን ያወጣልዎት ሰው እውነቱን ነው። ማን ጠግቦዎት ይነሣል?»

ሰሙ ምስጋና ነው። ወርቁን ለማውጣት ግን እትዬ ማንጠግቦሽ ቅኔ ቤት መግባት አላስፈለጋቸውም። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ልቤ እየዘፈነ ነበር የሄድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሞጣ ለመሄድ መናኸሪያ አውቶቡስ ስንጠብቅ ባለቤታቸው ጋሽ ዘለቀ በባጃጅ ደረሱ። ቅሬታ ሊያነሡ ነው ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቴ ቆሙ። ሚስታቸው ትናንት እኔ ከወጣሁ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ቀድሞ የበሉትም አልረጋላቸውም። ይንቀጠቀጣሉ። የእኔን ስም አያውቁትምና የእናቴን ስም ይጠራሉ።

«ልጄ፣ እባክሽ እንትፍ በይላት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ምራቄ ምራቅ ብቻ ነው፣ ጠበል ይውሰዷቸው አልኳቸው።

«ምራቅ ብቻ ከሆነ ምን ይጎዳሻል?»

ልክ ነበሩ፤ ብተፋ አንዲት አሮጊት በፍርሃት መንቀጥቀጣቸውን ይተዉ ነበር። እኔም ያሳመምኳቸው በምላሴ እንጂ በሌላ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሌላ ለማንም በሽተኛ ቢሆን እሄድ ነበር። ግን ከተፋሁላቸው የሚድኑት «ተፍታልኝ ነው የዳንኩት» እያሉ ነው። እናቴን ሁለተኛ ጊዜ ቡዳ የማደርጋት እኔ ልሆን ነው።

«እኔንስ ምንም አይጎዳኝም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «የሚጎዳው ሞጣ የተቀበረችውን ነው።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈርኩ። በመስኮት ሳያቸው ባርኔጣቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመው ነበር።

ሞጣ እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ እናቴ መቃብር ሄድኩ። ሣሩ በዝቶባት ነበር፤ ነቀልኩላት። «አልተፋሁላቸውም» አልኳት። ከዚህ ሌላ ያልኳት ነገር የለም።

እዚያው ሞጣ የሸክላ ሠሪዋን ታሪክ ያነበብኩላቸው አንዲት አሮጊት «ልጅ ያስጠለለች ምን ታጥፋ? ይልቅ ዝናቡን ክሰሱት» ብለው አስቀውኛል። እንዲህ ያለም ሰው አለ። እትዬ ማንጠግቦሽን ግን ለእኒህ አሮጊት ስል አልማርኳቸውም።

ለመምህሩ ሁለቱንም ታሪክ ማንበቤን ነገርኩት። ሥርዓቱ ተጥሷል፣ ይህ መልስ አይቆጠርም ብሎ ከጥናቱ አወጣው። አልተከራከርኩትም። የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

በኋላ እንደሰማሁት እትዬ ማንጠግቦሽ ጠበል ገብተው ብዙ ከርመው ተሻላቸው። ግን ሰው ቤት እህል አይቀምሱም አሉ፤ እንግዳም በመጣ ቁጥር የማን ልጅ እንደሆነ ሳያጣሩ አያስገቡም። ቢቸና ስለ እኔ ምን እንደሚባል ልገምት እችላለሁ። የሚሉትን ድሮም ይሉን ነበር። ልዩነቱ አሁን የሚሉት እየፈሩ ነው።

ነፍስ አባቴ በቀል የእግዚአብሔር ነው ይሉኛል፤ አውቃለሁ፣ ተጽፏል። ለጠላቶችሽ ጸልዪ ያሉኝንም እፈጽማለሁ። ማለዳ ማለዳ ስጸልይ የእትዬ ማንጠግቦሽን ስም አልዘልም። ረጅም ዕድሜ ስጣቸው እላለሁ፣ አእምሯቸውንም ጠብቅላቸው። ከልቤ ነው የምጸልየው። ቶሎ ቢሞቱብኝ ወይ ቢረሱኝ አልወድም።