መሃል ያለው ከተማ

ቶሮንቶ ውስጥ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ብሉር ጎዳና ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ስንሰባሰብ እንደኔ ላለው ሰነፍ የሚመከረው አንድ ነገር ነበር፤ ትንሽ ከተማ ሄዶ መፈተን። «ትራም የለ፣ ግርግር የለ፣ አደባባዩን አንዴ ዞረህ ትመለሳለህ፤ አለቀ» ይሉኛል። ፒዛ የማድረስ ሥራ አግኝቼ ነበርና ፈቃዱን ቶሎ ካላመጣሁ ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው። ቀጠሮ ያዝኩ፣ ጓደኛዬም በመኪናው ሊወስደኝ ተስማማ።

ብቻዋን ያሳደገችኝ እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። ከስካርቦሮው አፓርታማችን መስኮት ቁልቁል እያየች «ይሄ ምኑ ከተማ ነው? መሃል የለው!» ትላለች። የእኛ የአውራጃ ከተማ ፍርድ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እስር ቤቱና ገበያው ተፋጠው የተቀመጡበት ነው፤ ከየትም ብትመጣ መሃሉን አታጣውም። ትንሽ ከተማ እንደምንሄድ ስትሰማ ነጠላዋን ደርባ ከሁላችንም ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

ገና ስንደርስ ፊቷ በራ። ቀይ የጡብ ፍርድ ቤት፣ አናቱ ላይ ትልቅ ሰዓት፣ ደጁ ላይ አሮጌ መድፍ፣ ጎኑ ላይ ቤተ ክርስቲያን። ሰዓቱ መቆሙን ስነግራት «የእኛስ መቼ ሠርቶ ያውቃል?» አለች። «እኔን እዚሁ ተዉኝ።» መድፉ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠናት ወደ ፈተናው ሄድን። ጓደኛዬ መኪናውን ሰጥቶኝ እዚያው ቢሮ ቀረ።

ፈታኙ ባርኔጣ ያደረገ ሽበታም ሰው ነበር። ሁሉ ነገር ሰምሮልኝ ወደ አደባባዩ ስመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ ሬሳ ወጥቷል። የአስከሬኑ መኪና በዝግታ ይሄዳል፤ መቃብሩ ቅርብ ነው መሰለኝ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች በእግራቸው ይከተሉታል። ከሁሉም ኋላ እናቴ! ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች። ሰዎቹ ዞር እያሉ ያዩዋታል። የማን ሬሳ እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

በእፍረት ጆሮዬ ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህ ሰው «ያቺ ሴት ማናት?» ቢለኝ ምን እላለሁ? ከፊቴ የነበሩት መኪኖች ጥግ ጥጉን ይዘው ሲቆሙ ለእኔ መንገድ የለቀቁልኝ መሰለኝ። ነዳጁን ረገጥኩት። እናቴን አለፍኩ፣ ለቀስተኛውን አለፍኩ፣ የአስከሬኑንም መኪና ቀደምኩ።

«ወደ ጎን ታጠፍና አቁም» አለኝ ፈታኙ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ያለ ቁጣ፣ «እዚህ ከተማ ሬሳ ሲያልፍ መኪና ይቆማል። እናንተ አገር አይቆምም?» ሲል ጠየቀኝ።

ይቆማል። እኛ ከተማ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ወርዶ አንገቱን ይደፋል። ወደቅሁ፤ ሥራውም በዚያው ቀረ።

ለጓደኛዬ የሆነውን ሁሉ በመንገድ ነገርኩት። እናቴን ልንወስድ መቃብሩ ደጅ ስንደርስ ከሟቹ ልጅ፣ ከአንዲት ሴትዮ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳይግባቡ እናቴን አቅፋ አልለቅም አለች።

እናቴ መኪናው ውስጥ ገብታ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«እግዜር ይስጣቸው፣ ወግ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። መኪናው ሁሉ ቀጥ አለላቸው እኮ! አንዱ ብቻ ሬሳውን ቀድሞ በረረ። ዓይኔ እንባ ሞልቶት መኪናውንም መልኩንም አላየሁም እንጂ፣ ምን ዓይነቱ አሳዳጊ የበደለው ነው?»

ጓደኛዬ በመስተዋቱ አየኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ቶሮንቶ እስክንገባ ድረስ ለዚያ ሰው እናት ስታዝን ነበር።