ሦስት ጊዜ «እንዴት ነዎት?»

እኔ በምሠራበት የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል፣ እዚህ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ስልክ ያነሣ ሰው መጀመሪያ አድራሻ ይጠይቃል። ቀጥሎ በሽተኛው ይተነፍስ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ራሱን ያውቅ እንደሆነ። ጥያቄዎቹ ስክሪኑ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሰላምታ የሚባል ነገር ግን እዚያ ውስጥ የለም። እኔ ሰላምታ እሰጣለሁ። በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ተመክሬያለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በደንብ ተቆጥተውኛል። አሁንም እሰጣለሁ።

ለሁሉም አይደለም። ለሃቪም ከሚባለው ከሀብታሞቹ መንደር ደውሎ «ሚስቴ ወድቃለች፣ ቶሎ ድረሱ!» ለሚል ሰው ጤና ይስጥልኝ እያልሁ አላደርቀውም። እሱ መጮህ ያውቅበታል፤ እግዜር ይስጠው፣ ሥራዬን ያቀልልኛል። ሰላምታው ከኢትዮጵያ ለመጡት ለኛ ሽማግሌዎች ነው። የኛ ሰው ጭንቁ በከፋ ቁጥር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሽኩና ቫቭ ከሚባለው ሰፈር የደወሉ አንዲት እናት የእኔን ጤና፣ የልጆቼን ጤና፣ አጠገቤ የተቀመጡትን የሥራ ባልደረቦቼን ጤና ሳይቀር ጠይቀው ሲያበቁ «እግሬን ትንሽ አሞኝ ነበር» አሉኝ። የታፋቸው አጥንት ተሰብሮ ነበር።

ያልገባው ሰው ይህን አለማወቅ ይለዋል። ተሳስቷል። እኛ ዘንድ «እንዴት ነዎት?» ሲባል የመጀመሪያው መልስ ለጠያቂው ነው፤ የመጣን ሰው በራስ ችግር መቀበል ነውር ስለሆነ «ደህና» ይባላል። ሁለተኛው ለእግዜር ነው፣ «ተመስገን» ይባላል። ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ነው። ይህን ያወቅሁት በኮርስ አይደለም። በአባቴ ነው የተማርሁት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሠራዊቱ ለእረፍት መጥቼ ዩኒፎርሜን እንኳ አላወለቅሁም። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ላብ በላብ ሆኖ አገኘሁትና አምቡላንስ ጠራሁ። ሁለት ሰዎች ደረጃውን እየሮጡ መጡ። ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አልወቅሳቸውም። «ምን እንደሚያመው ጠይቂው» አሉኝ። ጠየቅሁት። «ምንም። ደህና ነኝ። ይልቅ እነዚህን ልጆች ውሃ አጠጫቸው» አለኝ። እኔም በዕብራይስጤ የምኮራ ወታደር፣ ቃል በቃል ተረጎምሁት፤ ደህና ነኝ ይላል አልኋቸው። ሐኪም ቤት መሄድ ይፈልጋል ወይ አሉ። «ምን ላድርግ ብዬ አስቸግራቸዋለሁ?» አለ። አይፈልግም አልሁ። ሐኪም ቤት አልሄድም የሚል ወረቀት አወጡ። አባቴ በአውራ ጣቱ ፈረመ፣ ከሥሩ «አስተርጓሚ» የሚለው መስመር ላይ እኔ ፈረምሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሞተ። ትርጉሜ ውስጥ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረች። «የናንተ ሰው ናት፣ ከሽኩና ሄ። አድራሻውን ይዣለሁ። ባሏ ደክሞታል ነው የምትለው፤ ወደ ክሊኒካቸው ይሂዱ በያት» አለችኝና ጥሪውን አቀበለችኝ።

«እንዴት አደሩ እማማ?» አልሁ።

«ተመስገን ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆች ደህና? ሰውየው እንዲያው ትንሽ ደከም አለው። ሰው አታስቸግሪ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ብዬ የደወልሁ።»

እምቢ ያለች እናት ትኑር። «እስቲ እሳቸውን ይስጡኝ» አልኋቸው።

የሽማግሌው ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «አቤት ልጄ።»

«እንዴት ነዎት አባባ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

የፈረቃው ኃላፊ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ለምን እንደቆመ አውቃለሁ። ፓራሜዲክ የሚባለው የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ያለበትና የልብ መሣሪያ የጫነ አምቡላንስ በዚያ ሰዓት አንድ ብቻ ነበር የቀረን። ሌላው በረሃው ውስጥ፣ አስፋልቱ ካለቀ ብዙ ርቆ ወደሚገኝ መንደር ሄዷል። የኛ ጣቢያ ከተማዋን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የቤት ቁጥር የሌላቸውን፣ «ከውኃ ጋኑ በኋላ በስተግራ» ተብለው የሚገኙትን መንደሮች ሁሉ ያያል። ይህን አንዱን አምቡላንስ ደህና ነኝ ለሚል ሰው ልኬ የሌላ ሰው ልብ ብትቆም፣ የምልከው የለኝም።

«እንዴት ነዎት አባባ?» አልሁ ደግሜ።

«ተመስገን ነው እንጂ። ምን ጎድሎኝ!»

«ምን አለ?» አለኝ ኃላፊው በዕብራይስጥ።

«ደህና ነኝ ይላል» አልሁት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ያው የዚያን ቀን ዓረፍተ ነገር ነው፣ ያው ቃል በቃል ትርጉም።

«እንግዲያው ዝጊ» አለ። «ተራ አምቡላንስ ሲገኝ እንልካለን።»

አልዘጋሁም። «አባባ፣ እንዴት ነዎት? እኔም የሰው ልጅ ነኝ፣ አባት ነበረኝ። ሳይነግሩኝ ስልኩን አልዘጋም።»

ሚስታቸው እንዳይሰሙ ይመስለኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከንጋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ጆንያ የተጫነ ይመስለኛል» አሉ። «ግራ እጄም የኔ አልመስል ብሎኛል። ለእሷ አትንገሪያት።»

ኃላፊው የሚለውን ብሎ ሳይጨርስ አምቡላንሱን ላክሁት። «ማ አት ኦሳ?» አለኝ፣ ምን እያደረግሽ ነው ማለቱ ነው። «ሥራዬን» አልሁት።

ፓራሜዲኩ በዚሁ በረሃ ውስጥ ካሉት የበደዊን ዐረቦች መንደሮች በአንዱ የተወለደ ሰው ነው። በሬዲዮ «ደህና ነኝ ይሉሃል፣ እንዳታምናቸው» አልሁት። «የኔም አባት ሐምዱሊላህ እያለ ነው ሊሞት የነበረው» አለኝ። «ገብቶኛል።» ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ቤት ውስጥ የሆነውን በኋላ እሱ ነው የነገረኝ። አባባ ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ የበሩን መቃን ይዘው ቆመው ነበር የጠበቋቸው። እንግዳ ተቀምጠው አይቀበሉማ! ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እንዲያም ሆኖ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ይላሉ። እማማ ዳቦ ቆርሰው አቀረቡ። ሌላ ቢሆን «ጊዜ የለንም» ብሎ ሳህኑን ይገፋ ነበር፣ አባባም ቅር ብሏቸው ኮታቸውን አያወልቁለትም ነበር። እሱ ግን ቁራሹን አፉ ውስጥ ከተተና እያኘከ «አሁን ደግሞ እርስዎ ተቀመጡልኝ» ብሎ በእጁ አመለከታቸው። ተቀመጡ። አፉ ዳቦ እንደሞላ ሸሚዛቸውን ከፍቶ የልብ መሣሪያውን ገመዶች ደረታቸው ላይ ለጠፈ። መሣሪያው ያወጣውን ወረቀት ሲያይ ማኘኩን አቆመ።

ሲያወርዷቸው ደረጃው ላይ ልባቸው ቆመች። እዚያው፣ በሁለት ፎቅ መካከል፣ እሱና ሾፌሩ ተንበርክከው፣ እየተቀባበሉ ደረታቸውን እየተጫኑ፣ በኤሌክትሪክ እየመቱ መለሷቸው። ጎረቤቶች ከበላይም ከበታችም ቆመው ያዩ ነበር። በሳምንቱ አባባ ሐኪም ቤት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ስለ ሾርባው ያማርሩ ነበር። ደረጃው ላይ የተንበረከኩትን እነዚያን ሁለት ሰዎች ሳስብ እስከ አሁን እንባዬ ይመጣል፤ የሚያፍርበት ይፈር፣ እኔ አላፍርበትም።

አምቡላንሱ እስኪመለስ ሌላ የልብ ጥሪ አልመጣም። ዕድል ነው፤ የኔ ብልሃት ነው አልልም። ቢመጣ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው አንገቴን ደፍቼ ነበር። ግን ያኔም ቢሆን እልከው ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቢሮ ተጠራሁ። ኃላፊው መጥፎ ሰው አይደለም፤ ውሃ ቀዳልኝ፣ «ሰውየው በመዳኑ ሁላችንም ደስ ብሎናል» አለኝ። ቀጥሎ አንድ ወረቀት አወጣ። ከእንግዲህ በሽተኛው ችግር የለኝም ካለ ጥያቄውን ላልደግም፣ ከስክሪኑ ላልወጣ፣ ተስማምቻለሁ ይላል። «ሥርዓት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም» አለና ብዕር አቀበለኝ። ከታች መስመር አለ።

መስመሩን አየሁት። ከአውራ ጣት አሻራ በታች ፊርማዬን ያኖርሁበትን ያንን መስመር ይመስላል።

«አልፈርምም» አልሁ።

«ሥራሽን ሊያሳጣሽ ይችላል።»

«ይችላል» አልሁት። «እንዲህ ያለ ወረቀት ግን አንድ ጊዜ ፈርሜ አባቴን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልፈርምም።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ወደ ወንበሬ ተመለስሁ። ስልኩ እየጠራ ነበር፤ አነሣሁት። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ዝግ ያለ የሽማግሌ ድምፅ፣ በአማርኛ። ኃላፊው ከቢሮው በር ላይ ቆሞ እያየኝ ነው።

«እንዴት ዋሉ አባባ?» አልሁ፣ እሱም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።