ወልደ ሐዋርያት ሲጠራ

ወለላ ፀጉሯ ሸብቶም ቢሆን የባሕር ዳር ትምህርት ቤቷን ስታነሳ ያን ሰልፍ ሳታወራ አታልፍም። ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ነበር። አንድ ማለዳ ተማሪው ባንዲራ ሰቅሎ እንደ ቆመ፣ ካድሬው ከቀበሌ የመጣ ዝርዝር ያነብ ጀመር። ስሙ የተጠራ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ጦር ማሠልጠኛ የሚሄድ መኪና ይሳፈራል።

«ወልደ ሐዋርያት ተክለ ጊዮርጊስ!»

የልጁ አባት፣ የዘጌው ቄስ፣ በቀበሌው ምዝገባ የልጃቸውን ስም ሲጠየቁ፣ ለጸሎት የተጠየቁ ይመስል የክርስትና ስሙን አስጽፈው ነበር። ልጁ ግን በትምህርት ቤቱ የሚታወቀው ከተማ ውስጥ ባሳደገው አጎቱ በአንዳርጋቸው ስም፣ ዳኘው አንዳርጋቸው ተብሎ ነው። ይህን የምታውቅ ከጎኑ የቆመችው ወለላ ብቻ ነበረች፤ በአንድ ደብር ይቆርቡ ነበርና።

ዳኘው ሊቆርብ ቀርቦ ያ ስም በተጠራ ቁጥር አንገቱን መድፋት ልማዱ ነው። አሁንም አንገቱ ዝቅ ማለት ሲጀምር አየችና ሸራ ጫማውን በተረከዟ ረገጠችው።

«የለም?» አለ ካድሬው፣ ዓይኑን በሰልፉ ላይ እያንከራተተ። ቆይቶ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

«አንቺ፣ ጣቴን ሰበርሽውኮ» አለ ዳኘው በሹክሹክታ።

«ይሰበር። አንካሳ አይዘምትም።»

ሰልፉ እስኪበተን ድረስ እግሯን አላነሳችም።