ነጋዴው ለዘበኛው የሰጡት ፈንጣጣ

ከደብረ ብርሃን የፊጥኝ ታስሬ አንኮበር ስገባ ጭጋጉ መንደሩን ውጦት ነበር። ጥፋቴ ግልጽ ነው፦ ጌታዬ ከቤተ መንግሥት ተጣላ፣ እኔ የእሱ አሽከር ነበርኩ። በደረቁ አበሳ እርጥቡ ይነዳል።

የታሰርኩበት ጎጆ የድንጋይ ግድግዳ እንጂ መስኮት አልነበረውም። ጣራው ያንጠባጥባል፣ የእርጥብ ጭድና የሽንት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጥግ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ቀኝ እጄን ከእሳቸው ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ጠፍሮን ሄደ።

አዛውንቱ የአሊዩ አምባ እስላም ነጋዴ ነበሩ፤ ከቆላ ወሬ አመላልሰዋል ተብለው ነው የታሰሩት። መጀመሪያ ያሉኝ፣ ከመነሳትህ በፊት ጠይቀኝ፣ እኔም እጠይቅሃለሁ ነው። ሳንጠያየቅ ከተነሳን ሰንሰለቱ የሌላውን የእጅ አንጓ ይልጠዋል። ከዚያ ወዲያ ሕጋችን ይኸው ሆነ፦ "ልነሳ?" "ተነስ።" እሳቸው ሲጠይቁኝ ደግሞ "ይነሱ" እላለሁ።

የቄስ ልጅ ነኝ። እሳቸው ሲሰግዱ ግን እጄ አብሮ ስለሚወርድ ጎንበስ ማለቴ አልቀረም። አባትህ ቢያዩህ ምን ይሉ ይሆን እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ስጸልይ ደግሞ አብረውኝ ቆመው ይጠብቁኛል። ወንድም የለኝም፤ ወንድም ማለት ይህ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ አስብ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ከታች ካሉት መንደሮች ፈንጣጣ ተነሳ፣ እኛ ጎጆም ገባ። መጀመሪያ አዛውንቱን አተኮሳቸው፤ ከዚያ ፊታቸውንም መዳፋቸውንም መግል የቋጠረ ሽፍታ ወረሰው። እኔን በልጅነቴ ይዞኝ ፊቴን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎ ትቶኛል፤ ዳግም አይነካኝም፣ አልፈራሁም። ዘበኛችን ግን ከደጃፉ አላልፍ አለ። ውሃና ቆሎ በእንጨት እየገፋ ያቀርብልናል። ቀጥቃጩም ሰንሰለቱን ለመፍታት አልገባም አለ።

አንድ ጠዋት ዘበኛው በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። የጎረቤላ መንደር ሰው ነው። ጎረቤቱ ልጆቹን ቀብሮ መግባቱን፣ እሱም ቢሞት ቤቱ እንደሚበተን ነገረን። የአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ከታመመ ሰው መግል ወስደው ጤነኛውን ፈንጣጣ መከተብ ያውቃሉ ሲባል ሰምቶ ኖሯል።

"አባቴ፣ ከርስዎ ይስጡኝ" አለ።

ደሜ ፈላ። እስከዚያ ቀን "አንተ" እያለ በእርግጫ ነበር የሚቀሰቅሳቸው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ አይስጡት አልኳቸው።

"የምነፍገው ምን አለኝ?" አሉኝ። "በሽታው እንደሆን የአላህ ነው።"

ከዚያ እያቃሰቱ ወደ እሱ ዞሩ። "ደም ዘብ አለው። ጠላቱን በትንሹ ካሳየኸው የሚመክትበትን ከራሱ ያፈልቃል፤ ትልቁ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በትንሹም የሚሞት አለ፤ ይህን አውቀህ ግባ። የሽፍታው ቅርፊት እስኪረግፍም ቤትህ እንዳትሄድ፤ ታስይዛቸዋለህ።"

ደንቡ ቀለል ብሎ ከታመመ ሰው መውሰድ ነበር፤ በጎጆው ግን ከእሳቸው ሌላ በሽተኛ አልነበረም። ዘበኛው ጥቂት ማር ይዞ ገባ። ጣቶቻቸው አብጠው ስለነበር እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ከተብኩት። ክንዱን በእሾህ ጫርኩ፣ ከእሳቸው ያፈረጥኩትን መግል በማር ለውሼ ቀባሁት። እጄ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የእሳቸውም እጅ ይከተል ነበርና፣ ሁለታችን የከተብነው ይመስለኛል።

የዘበኛው ክንድ አበጠ፣ ትኩሳት ያዘው፣ ደጅ ከጣራው ክፈፍ ሥር ተኛ። በዚያው ሰሞን ንጋት ላይ "ልነሳ?" አልኩ። መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅኩ። እጃቸው በእጄ ላይ ቀዝቅዞ ነበር።

የዘበኞቹ አለቃ ከሩቅ ሆኖ፣ በሰንሰለቱ ጎትተህ ገደል ጣለው አለኝ። ሰውዬውን እንደ ሞተ ከብት። አልተነሳሁም። ብረቱ ሳይፈታ ንቅንቅ አልልም አልኩ። በጅራፍ ዛተብኝ። ከዚያ ደጅ የተኛውን ዘበኛ ጠራሁት።

"ና ፍታቸው። ክንድህ ላይ ያለው የእሳቸው ነው።"

ትኩሳቱ ሳይለቀው ተነስቶ መጣ። በደህናው እጁ መዶሻ ይዞ ብረቱን እስኪላቀቅ መታው። ቀና ብሎ አላየኝም። አጠብኳቸው፤ ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት ፊታቸውን መልሼ ቀበርኳቸው። ያን አቅጣጫ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

ከተፈታሁ በኋላ ዘበኛውን አሊዩ አምባ ገበያ አገኘሁት። ኩታውን ገልጦ የክንዱን ጠባሳ አሳየኝ፤ እኔም ሰንሰለቱ የላጠውን አንጓዬን አሳየሁት። ደም የሚያፈልቀው ያ ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። በዚያ ሰው ክንድ ውስጥ ግን ዘብ ቆሞለታል።

አሁንም ጠዋት ስነቃ ቀኝ እጄን ሳላንቀሳቅስ እቆያለሁ። "ልነሳ?" እላለሁ። ባለቤቴ ለምዳዋለች፤ "ተነስ" ትለኛለች። እነሳለሁ። የምጠብቀው ግን የእሷን ድምፅ አይደለም።