ወደ በረዶው ተራራ በየትኛው ወር

ልጄን ጓዳ ውስጥ ደብቄ በኖርሁበት ዓመት፣ ሁለታችን አብዝተን የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ሂማላያ ወደሚባለው የህንድ አገር ተራራ ለመሄድ የትኛው ወር ይሻላል እያልን።

ለሰማ ሰው እብደት ነው። እኔ ከባሕር ዳር ወጥቼ አንዴ ማክሰኝት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ዱርቤቴ ደርሻለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አገር አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁትም በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም እየተንተባተብሁ። ልጄ ግን ሁለተኛ ደረጃ ሲማር አንድ ህንዳዊ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩት። ውላቸው አልቆ ሲሄዱ መጽሐፎቻቸውን ለተማሪዎች አደሉ። ለእሱ የደረሰችው ባለ ሥዕል ቀጭን መጽሔት ናት፤ የትውልድ አገራቸውን ተራራ ለሚጎበኝ ሰው የተዘጋጀች።

"ሌላው ፊዚክስ ደረሰው፣ እኔ በረዶ ደረሰኝ" እያለ ይስቅ ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከአውቶቡስ እየታፈሰ ይጫናል። ከእኛ በታች ካለው ቤት አንዱ ልጅ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ። ልጄ ማትሪክ ወስዶ ውጤት ሲጠብቅ አሥራ ስምንት ሞላው። ባሌን ወባ ከወሰደብኝ ወዲህ እሱና እኔ ብቻ ነን፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ለቀበሌው "ማክሰኝት አጎቱ ዘንድ ለእርሻ ሄዷል" አልሁና፣ ጓዳ ከዱቄቱ በርሜል ጀርባ አስቀመጥሁት።

እኔ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበርሁ። ቀኑን ሙሉ ሳጥብ እውላለሁ፤ ጆሮዬ ግን ቤቴ ነው። መኪና ሲቆም ልቤ ይቆማል። ወደ ማታ ስገባ በሩን ቀርቅሬ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ፣ ጓዳ ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ መጽሔቷን ያወጣል።

"ይኸ ነጩ ምንድን ነው?" አልሁት መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን።

"በረዶ ነው፣ እማ።"

"በረዶማ ጤፍ ያጠፋል እንጂ ሰው ይስቅበታል?"

"እንደኛው ጠጠር አይደለም፤ ለስላሳ ነው። አንቺ የምታሰጪው አንሶላ ተራራውን ሁሉ ለብሶት አስቢው።"

"ማን አጥቦ ይጨርሰዋል!"

ሳቁ እንዳይሰማ ጋቢውን ነከሰ። ከዚያ አንድ ሰውዬ አሳየኝ፤ በሁለት እግሩ ሁለት ረጃጅም ሳንቃ አስሮ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

"ምን አሳደደው?" አልሁ።

"ማንም አላሳደደውም። ለጨዋታ ነው።"

"ማንም ሳያሳድደው?"

ልጄ ሥዕሉን አይቶ ገጹን ገለጠ።

መጨረሻው ገጽ ላይ የወሮች ሰንጠረዥ አለ። ከፈረንጁ ወር አጠገብ የእኛን ወር በእርሳስ ጽፎበታል። ከመጽሔቷ እኔ ማንበብ የምችለው እነዚያን ብቻ ነበር። እሱ ያነብልኛል፣ እኔ እንከን አወጣለሁ። ጥር፣ በረዶው ጥልቅ ነው፣ ለመንሸራተት ይመቻል። "እንቀዘቅዛለን፤ ይቅር።" መጋቢት፣ በረዶው ይቀልጣል። "ጭቃ ነው፤ ይቅር።" ግንቦት፣ ሜዳው አበባ ይለብሳል። "እስኪ እሱ ይቆይ።" ሐምሌ ላይ እዚያም እንደኛው ዝናብ ይጥላል አለኝ፤ የማላውቀው አገር ድንገት ጎረቤት መሰለኝ። ጥቅምት ሰማዩ ይጠራል፣ ተራራው ከሩቅ ይታያል። "ይኸው! ጥቅምት ነው የሰው ወር" አልሁት።

"አንቺ ሁሌ ጥቅምት ትያለሽ፣ እማ። ሰው እኮ የሚሄደው ለበረዶው ነው።"

"እኔ ለበረዶው አልሄድም። አንተን ለመጠበቅ ነው የምሄደው።"

በእውነትም አንድ የምመርጠው ወር ነበረኝ። ለሆቴሉ ከዘጌ በታንኳ እንጨት የሚያመላልሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። አባባ እላቸዋለሁ። ወንድማቸው ሴት የማትረግጠው ደሴት ላይ መነኩሴ ናቸው። ሰኔ ላይ፣ ዓይኔ አብጦ ቢያዩኝ ነገሩን አውጣጡኝ።

"ልጁን ስጪኝ" አሉ። "ገዳሙ እንጨት የሚፈልጥ ጉልበት ቸግሮታል። ወሩን ግን አንቺ ምረጪ፤ እናት ያልቆረጠችበት መንገድ አይቀናም።"

"ጥቅምት ይሁን፣ አባባ። ሐይቁ ሲተኛ።"

"ይሁን። ጥቅምት ካልሽ ጥቅምት።"

የክረምቱን ሐይቅ እፈራለሁ። ልጅ ሆኜ፣ በነሐሴ ማዕበል ታንኳ ሲገለበጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰዎቹ ሰጥመው የታንኳው ደንገል ብቻ ሲንሳፈፍ። ስለዚህ ጥቅምትን እየጠበቅሁ ቀን እቆጥራለሁ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ጎረቤቴ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ምላሳቸው ስለት ነው።

"አንቺ፣ ልጁ ከሄደ ወዲህ ደህና ወፈርሽ! ሰው ብቻውን ሲበላ ይከሳል፤ አንቺ ሽሮ በእጥፍ ታስፈጫለሽ አሉ።"

"እንግዳ ቢመጣ ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ይኸ እንግዳሽ ሆዱ ሰፊ ነው መሰል" ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ጠጋ አሉኝ። "ከዘመን መለወጫ በፊት ቤት ለቤት ቆጠራ አለ። ዘንድሮ ጓዳም ይታያል። እንግዲህ ነግሬሻለሁ።"

ያስፈራሩኝ ይሁን ያስጠንቅቁኝ አላወቅሁም። ቤቴ እንዴት እንደደረስሁም አላውቅ። ጓዳ ገብቼ ለልጄ ነገርሁት። ፊቱ ገርጥቷል፤ ፀሐይ ካየ ወራት አልፎታል። መጽሔቷን ጭኑ ላይ እንደዘረጋት ቀረ።

"ጥቅምትን አንደርስበትም ማለት ነው" አለ።

እኔ ያን ሰንጠረዥ አፍጥጬ አየሁት። ምን እንደምፈልግበት አላውቅም።

"ጥር ላይ ብርዱ ይከፋል፣ መንገዱ ይዘጋል አላልህም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ እነዚያ ሳንቃ የሚያስሩት ለምን ጥርን ይመርጣሉ?"

"መንገደኛው ሁሉ ቤቱ ሲቀር ነዋ ተራራው የእነሱ የሚሆነው። ለሌላው ክፉ የሆነው ወር ለእነሱ ደግ ነው።"

ያን ሁሉ ጊዜ የመረጥሁት ለዓይን የሚያምረውን ወር ነው። ጥቅምት ሐይቁ ሲተኛ፣ ለእኔ ታንኳ ብቻ አይተኛም፤ ለአፋሾቹ ሞተር ጀልባም ይተኛል። ለእኔ የጠራ ቀን ልጄን ለሚፈልገውም የጠራ ነው።

"ነሐሴ ይሁን" አልሁ።

"ማዕበሉስ፣ እማ? አንቺ እኮ ነሽ የምትፈሪው።"

"ፈርቻለሁ። ፍልሰታ ሲገባ ትሄዳለህ። ወንዱ ሁሉ ለሱባዔ ወደየደሴቱ ይሻገራል፤ በዚያ ዝናብ ማን ማንን ቀና ብሎ ያያል።"

ለአባባ ስነግራቸው ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ። "በማለዳ ነው እንግዲህ፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሣው" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ጧት ነው። ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ እንደ ገመድ ይወርዳል። ከሆቴሉ ይዤው የመጣሁትን የአንሶላ ጥቅል አሸከምሁት፤ ፊቱን እንዲጋርደው ወደ ፊት ደፋ አድርጌ። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላዬ። ለወራት ያልተራመደ እግር ስለሆነ ይደናቀፋል። የጎረቤቴ ደጅ ስንደርስ እትዬ ከጣሪያቸው ጠርዝ ሥር ቆመዋል፤ ባልዲ ደቅነው የዝናብ ውኃ ያጠራቅማሉ።

"በዚህ ዝናብ የምን አንሶላ ነው?"

"የሆቴሉ ነው፣ እትዬ።"

"የተሸከመውስ?"

ጥቅሉን ሳይሆን እግሩን ነው የሚያዩት። ያን እግር ያውቁታል፤ ከእሳቸው ልጆች ጋር ጭቃ ሲያቦካ ነው ያደገው። ባልዲያቸው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ እሳቸው አላነሡትም።

"ሂዱ፣ ሂዱ" አሉ ጮክ ብለው። "ዝናብ ነው፤ ምንም አይታየኝም።"

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጥቅሉን አወረደ። መሳሳም አልቻልንም፤ የሆቴሉ ዘበኛ ከሩቅ ቆሟል። አባባ የማዳበሪያ ጆንያ ሰጡት፣ ራሱ ላይ ደፋው። ታንኳው ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ማጠቢያ ድንጋዬ ላይ ሆኜ አንሶላውን መውቀጥ ጀመርሁ። ሳልቆም ወቀጥሁ። ቀና ስል ሐይቁና ሰማዩ አንድ ሆነው፣ ታንኳው የለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፣ ማዕበሉ እድንጋዬ ድረስ እየመጣ ሲመታኝ፣ ደርሰዋል አልደረሱም እያልሁ ውዬ አመሸሁ። አባባ በሦስተኛው ቀን ባዶ ታንኳ ይዘው መጡና "ትላንት የመጀመሪያውን እንጨት ፈለጠ" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።

ቆጣሪዎቹ በጳጉሜን መጡ። ጓዳዬን አዩ፤ በርሜልና የሰው ቁመት ያህል የተጠረገ ወለል ብቻ። እትዬ አብረዋቸው ነበሩ። "ይቺ ብቻዋን ናት፤ ጻፉ" አሏቸው። ተጻፈ። ብቻዬን መሆኔ መዝገብ ላይ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጸጥ አለ። ሬዲዮኑን ከፍ የማደርግበት ምክንያት የለኝም። ሽሮ አበዛለሁ፣ ይተርፋል። ከማሰጫው ገመድ አጠገብ ሆኜ ደሴቱ ይታየኛል፤ ጠቆር ያለ ጉብታ ነው። አንሶላ ስሰቅል በአንሶላውና በአንሶላው መሐል እፈልገዋለሁ።

መጽሔቷን ትቷት ሄዷል። አንድ ቀን ሰንጠረዡን አወጣሁና ፊደል በፊደል ወረድሁ። ከወሮቹ ስም ጎን ደቃቅ ጽሕፈት አለበት፤ እሱ ሲያነብልኝ ያላነበበልኝ። ጥር ላይ "እማ ይበርዳታል" ይላል። ጥቅምት ላይ "እማ የምትለው"። ግንቦት ላይ ደግሞ "ለእማ ይኸ ይሻላል፤ ሜዳው ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ከላይ እንሸራተታለሁ።" ይቺን ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

አባባ ደጋግመው ይሉኛል፤ "ነይ ልውሰድሽ፤ ደሴቱን አትረግጪም እንጂ ታንኳ ላይ ሆነሽ ታዪዋለሽ።" እኔ ደግሞ ለወሩ እንከን አወጣለሁ። ጥቅምት ሐይቁ ጠርቷል፣ ከከተማ ድረስ እንታያለን። ኅዳር አፈሳው በርትቷል። ጥር ላይ ለጥምቀት ሰው ሁሉ ውኃ ዳር ነው። ብሄድ፣ ቢከተሉኝስ? እያልሁ ዘጠኝ ወር አለፈ። ግንቦት ገባ። እሱ የመረጠልኝ ወር ስለሆነ ብቻ ሄድሁ።

ታንኳው ከደሴቱ ዳር ካለው ትልቅ ድንጋይ ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ለሴት አይሆንም። ልጄ በዛፎቹ መሐል ወርዶ ድንጋዩ ላይ ቆመ። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል፣ የገዳም ቢጫ ቀሚስ ለብሷል። ግን ጠቁሯል፤ ፀሐይ መቶታል። የጓዳው ንጣት ለቆታል።

"እማ፣ አልበረደሽም?"

"በግንቦት?"

"ሜዳ ባይኖርም ተቀምጠሻል" አለ። ለካ በግንቦት መምጣቴን አይቶ ጽሑፉን እንዳነበብሁት ገብቶታል። ቁልቁለቱን እያሳየኝ "እኔም በዝናብ ጊዜ እዚህ ጋ እንሸራተታለሁ፤ እንጨቱን እንደተሸከምሁ" አለና ሳቀ። እንደ ጓዳው ጊዜ ጋቢ አልነከሰም። ሳቁን በሙሉ ድምፁ ከሰማሁት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ውኃው በመሐላችን አለ፤ እጄን ብዘረጋ አልደርስበትም፤ እሱም አልዘረጋም።

አባባ መቅዘፊያቸውን ሲያነሡ ጠራኝ።

"ሌላ ጊዜ በየትኛው ወር ትመጫለሽ?"

የወር እንከን ሳወጣ የኖርሁት ሴትዮ ሰማዩን አላየሁም፣ ጣቴንም አልቆጠርሁም።

"በሐምሌ" አልሁት፤ "ሰው ሁሉ ሐይቁን ሲፈራ።"

አባባ መቅዘፊያውን ውኃው ላይ አቁመው፣ ዞር ብለው አዩኝ።