እማማ የቆረቡ ዕለት

ትዕግሥት የለኝም። ይኼን እናቴም ታውቃለች፣ አብረውኝ የተማሩትም ያውቃሉ። ከጤና ረዳት ትምህርት ቤት ተመርቄ ሱዳን ድንበር ላይ ሽንፋ ስመደብ፣ ከሙቀቱም ከትንኙም ይበልጥ ያንገበገበኝ የሰዉ እርጋታ ነው። በሽተኛው መጥቶ መጀመሪያ የኔን ጤና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የናቴን፣ ቀጥሎ የጎንደርን ዝናብ። የሚያመውን የሚነግረኝ እኔ ልነሣ ስል ነው።

አምና ጥቅምት ላይ ነው። ሰሊጡ ደርሶ አጫጁ ከጎጃምም ከወሎም ወርዷል። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፣ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ወባም በዚያው ወር ነው የምትነሣ። የክሊኒካችን ደጃፍ በተኛ ሰው ተሞልቶ ይውላል።

እማማ ሐሙስ ቀን በትራክተር ተጎታች ተጭነው መጡ። ካምፕ ውስጥ ለአጫጆች ምግብ የሚያበስሉ የጎጃም ሴት ናቸው። ስማቸውን ስጠይቅ "እማማ በይኝ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ" አሉ። ትኩሳቱ ጥርሳቸውን እያንቀጫቀጨው እንኳ ወሬ አላቆሙም።

"አንች ልጅ፣ አግብተሻል?"

"አላገባሁም። ይቺን ይዋጧት።"

"ምነው፣ መልክ አላጣሽ!"

"እማማ፣ ይዋጡ አልኩ እኮ!"

ዋጡ። ክሎሮኪን መራራ ነው፣ ባዶ ሆድ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይባስ። ወዲያው አስመለሱት። ብደግምላቸው ደገሙት። ዓርብ ጠዋት ክኒኑን ይዤ ስቀርብ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"እስከ ሰኞ አልውጥም።"

"ለምን ሲባል?"

"እሁድ እቆርባለኋ። መራራሽ እስከዚያ ሆዴን ሲንጠው ይሰነብታል።"

የጎንደር ልጅ ነኝና ሥርዓቱን አላውቅም ብዬ አላመልጥም። የቆረበ ሰው ያን ቀን እስኪመሽ ምራቁን እንኳ አይተፋም፣ ደም ከገላው አይወጣም። ቁርባኑን ካስመለሰውማ አይነሣ። "ለሌላ እሁድ ያድርጉት" አልኳቸው።

"ሌላ እሁድ ማን ሰጠኝ? ትናንት 'ካልዋጡ ይሞታሉ' ያልሽኝ አንች አይደለሽም?"

አልኩ፣ ምን ላድርግ። እሳቸው ቀስ ብለው ታሪካቸውን ነገሩኝ። ከባላቸው ጋር ቆራቢ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ እንጀራ ፍለጋ ቆላ ወረዱ፣ ካምፕ ውስጥ ከአንድ የትራክተር ሹፌር ጋር አብረው ኖሩ። በቁርባን ለኖረ ሰው ይኼ እንደዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም፣ ቁርባን ማፍረስ ነው። ሹፌሩ ሱዳን ተሻግሮ በዚያው ቀረ። እሳቸው የሽንፋውን ቄስ ይዘው ንስሐ ገቡ፣ የዓመታት ጾምና ስግደት ተሰጣቸው። በዚያ ሙቀት ሲያበስሉ ውለው ማታ ይሰግዳሉ። ቀኖናውን ጨርሰው እንዲቆርቡ የተፈቀደላቸው ለዚች እሁድ ነው። ወባዋ ሐሙስ ደረሰች።

"ሞትስ አይቀርም፣ ልጀ" አሉኝ። "እንደተለየሁት መሄዱን ነው የምፈራው። ታርቄ ልሂድ።"

ማንን እንደተለዩ አልጠየቅኋቸውም። "መርፌ ልውጋዎት" አልኩ።

"ደም አያወጣም?"

"የትንኝ ንክሻ ታህል።"

"እንግዲያ የንስሐ አባቴን፣ አባን ጠይቂ።"

አባን ያገኘኋቸው ማሳቸው ውስጥ ነው። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ሰሊጥ ያጭዳሉ።

"አባ፣ ሴትዮዋ ሊሞቱብኝ ነው። ክኒኑን እንዲውጡ ይዘዙልኝ።"

"መጀመሪያ እንደምን ዋልሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይዘዙልኝ።"

ሳቁ። ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉ። "ዋጡ ብል ይውጣሉ፣ አንደበቴን ያከብራሉ። እንዳያስመልሱ አንቺ ትይዥልኛለሽ?"

"አልችልም።"

"እኔም አልችልም። መርፌው የወጋው ቦታ መቼ ይደርቃል?"

"ወዲያው።"

"እንግዲያ ዛሬ ውጊ፣ ነገም በጠዋት ውጊ። ከዚያ እሁድ እስኪመሽ እጅሽን ሰብስቢ። ውሃ ቅዳሜ ማታ ይጠጡ፣ ለበሽተኛ ጾሙን ማቅለል የኔ ነው። እሁድ ግን አጠገባቸው ቁሚ። ትኩሳቱ ቢነሣ እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እሁድ ጠዋት ውይይት ክበብ አለብኝ።"

አባ ማጭዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ውይይቱ ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት ነው፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሆነ ማንም አይናገርም፣ የማያውቅም የለም። የማርክሲዝሙን መጽሐፍ ጮክ ብዬ የማነበው ደግሞ እኔ ነኝ። የተማርሽ ነሽ ተብዬ።

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" አሉና ወደ አጨዳቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ ሁለተኛውን መርፌ ስወጋ ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ብሎ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ከኔ በፊት ብዙ ዓመት እዚያ ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰውዬ፣ ቦርሳዬን ሳዘጋጅ አይቶ "ሐኪሚት፣ ነገ ከቅዳሴ ነው የምታነቢ ወይስ ከመጽሐፉ?" አለኝ። ዝጋ አልኩት።

እሁድ አጫጆች እማማን በገመድ አልጋ ተሸክመው አመጧቸው። ቅጥሩ በር ላይ ሲደርሱ "አውርዱኝ፣ በእግሬ ነው የምገባ" አሉ። ክንዳቸውን ይዤ አብሬ ገባሁ። ቴርሞሜትሩ ያለበት ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ነው። ሰው ሁሉ እንዲያየው ሆን ብዬ ወደ ፊት አዙሬዋለሁ። ለበሽተኛዬ እንጂ ለሌላ ነገር አልመጣሁም ለማለት።

አብዮት ጠባቂዎች ወንድሜን ከቤት ከወሰዱት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። ሲወስዱት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ስንት ደጅ ጠናች፣ ስንት ስለት ተሳለች። እሱ አልመጣም። የት እንደተቀበረ እንኳ የነገረን የለም። ያኔ ነው መጸለይ የተውኩት። ክበቡ ውስጥ ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው የሚለውን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ያም ልቤ አልገባም። ምንም ነገር ልቤ አይገባም ነበር። ሥራ፣ እንቅልፍ፣ ሥራ።

ቅዳሴው ረዘመብኝ። እማማ ቁጭ ብለው ግድግዳ ተደግፈዋል፣ እኔ እጃቸውን ይዤ የልብ ምታቸውን እቆጥራለሁ። ሰዓታቸው ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ድካም የት እንደገባ እንጃ፣ ተነሥተው ብቻቸውን ሄዱ። ተቀብለው ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላቸው ግጥም አድርገው ሸፍነዋል፣ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። እንደዚያ ዓይነት ዓይን አይቼ አላውቅም። ከረጅም መንገድ ቤቱ የገባ ሰው ዓይን ነው።

ወደ ካምፑ በዚያ ፀሐይ መመለሱ አልታየኝም። ቅጥሩ ውስጥ ቁርቁራ ዛፍ ሥር አልጋቸውን ዘረጋን። ሴቶች ከበቡን፣ አንዷ በነጠላዋ ታራግባለች።

እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲያይል የፈራሁት መጣ። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ጉሮሯቸው ወጣ ገባ ማለት ጀመረ። እጄን ጨመቁኝ። በዓይናቸው "መጣብኝ" አሉኝ፣ አፋቸውንማ እንዴት ይክፈቱ። የምታራግበው ሴት "እመቤቴ፣ እመቤቴ" እያለች ማልቀስ ጀመረች።

ቦርሳዬ ውስጥ ለዚያ የሚሆን ምንም የለም። መድኃኒት ብሰጥ ይብሳል፣ መርፌ ተከልክያለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የሰገዱላት ነገር እዚያው አፈር ላይ ልትወድቅ ነው፣ እኔም ቁጭ ብዬ ላያት ነው። ያኔ ጸለይኩ። ጸሎት ከተባለ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረግሁና በሆዴ "ለወንድሜ አልደረስክም። ለሳቸው ድረስ። አሁን። እባክህ፣ አታዋርዳቸው" አልኩ። ተቆጥቼ ነበር የምለው። እንባዬ ግን ይወርዳል፣ ለማን እንደማለቅስ ራሴም አላውቅም፣ ለእማማ ይሁን ለወንድሜ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ጉሮሯቸው ረጋ አለ። ጨብጠው የያዙኝ እጃቸው ላላ። ደንግጬ ምታቸውን ፈለግሁ፣ አለ። እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ወባ ያመው ሰው ማቅለሽለሹ መጣ ሄደ ማለቱን አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ድሬሰሩም በኋላ ይህንኑ ነው የነገረኝ። አልተከራከርኩትም። እኔን የደነቀኝ ሌላ ነው። የሌለን ሰው አይቆጡም። ያን ሁሉ ዓመት ተኳርፌ የኖርኩት ካለ ነገር ጋር ነበር ማለት ነው። እዚያ ዛፍ ሥር እጃቸውን ይዤ ቁጭ ብዬ፣ ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ሲይዝ ተሰማኝ። ሐዘኑ አልሄደም። ብቻዬን የተሸከምኩት ግን አልመሰለኝም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነቁ። ዙሪያቸውን አዩና ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

"መሸ?"

"መሽቷል።"

"በይ እንግዲህ፣ ያን መራራሽን አምጭ።"

ዋጡ። ጥቂት ቆይተው አስመለሱት። "አሁንማ ይውጣ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!" ብለው በሳቅ ሲፈርሱ የከበቡን ሴቶችም ሳቁ፣ እኔም ሌላ ክኒን እያወጣሁ ሳቅሁ። ያኛው ረጋላቸው። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩኝም፣ መድኃኒቱን ጨርሰው ዳኑና ወደ ካምፓቸው ተመለሱ።

የኔ ነገር ግን ክበቡ ውስጥ ተነሣ። ሒስና ግለሂስ ተጠራ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ "ጓድ፣ እሁድ ቅዳሴ ላይ ታይተሻል። የሄድሽው እንደ ጤና ባለሙያ ነው ወይስ እንደ አማኝ?" አለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ድሬሰር ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። "በሽተኛ ልከታተል ነው በይና ተቀመጭ" አለኝ በሹክሹክታ። ውሸት አይሆንብኝም ነበር። ሊቀመንበሩም እንደዚያ እንድለው የፈለገ ይመስላል፣ ክፉ ሰው አይደለም።

"ስሄድ እንደ ጤና ባለሙያ ነው" አልኩ። "ስወጣ ግን አይደለም።"

ሊቀመንበሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

"ይኼ ግለሂስ አይደለም" አለ ሊቀመንበሩ።

"አይደለም" አልኩት።

ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። መጽሐፉንም ከዚያ ወዲህ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ከሥራዬ ያባርሩኛል ብዬ ሰንብቼ ነበር። እስካሁን አላባረሩኝም፣ ወባ አስታማሚ ከየት ያመጣሉ።

ከስብሰባው በማግሥቱ አባ ቤት ሄድኩ። ሰላምታውን ሁሉ በሥርዓቱ ጨረስኩ፣ የሚስታቸውንም ጤና ጠየቅሁ። ከዚያ "የንስሐ አባቴ ይሁኑኝ" አልኳቸው።

"ምን በድለሽ ነው?"

"እግዚአብሔርን ተቆጥቼዋለሁ።"

"በምን?"

የወንድሜን ነገር ነገርኳቸው፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እሳቸውም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"አሁንስ?" አሉኝ።

"አሁንም እንደተቆጣሁ ነው፣ አባ። ግን መሄጃ የለኝም። እሱ ጋ ነው የመጣሁት።"

"ይችላል" አሉ። "ያንቺን ቁጣ ይችለዋል።" መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ወንድሜን በጸሎት እንዲያስቡት ስሙን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስሙን ከቤታችን ውጭ ጮክ ብዬ ስጠራው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።