በአገውኛ የተናገርኩት

የያዙኝ ከጅጋ ገበያ ጨው ጭኜ ስመለስ ነው። ጨዉ ለአርበኞች እንደሆነ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። እውነትም ለእነሱ ነበር። ቡሬ ወዳለው የጣሊያን ምሽግ ወስደው ቆዳ ይከማችበት የነበረ ቤት አስገቡኝ። መስኮት የለውም። የጥሬ ቆዳው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። አሥራ ስምንት ሰዎች ነበርን፤ እግር የምንዘረጋው በተራ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ የማንኩሳ ሽማግሌ፣ በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም የነበሩ፣ ብቻዬን በአገውኛ ሳንጎራጉር ሰሙኝ።

«አገው ነህ?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ዘመዶችህ መጥተውልሃል» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ጣሊያኖቹን ዘመዶቼ ያስባላቸው የካፒቴኑ ንግግር ነው። በየማለዳው ግቢ አስቀምጦን በአስተርጓሚ ይናገራል፦ «ኢትዮጵያ የሚባል አገር የለም። የአማራ ገዢ አበቃለት። ጣሊያን አገውን ነፃ ሊያወጣ መጥቷል።» ይህን የምሰማው እግሬ በሰንሰለት ታስሮ ነው። ከጦርነቱ በፊት የንጉሡ አዋጅ ሲነበብ ሁላችንንም «ልጆቼ» ሲለን አልቅሼ ነበር። በሳምንቱ ችሎት ቀርቤ በቋንቋዬ ብናገር፣ እንደ ሽማግሌው ያለ አንድ ጭቃ ሹም «የወፍ ቋንቋህን ተው» አለኝ።

ከአገው እኔ ብቻ ነበርኩና ዳቦና ብርድ ልብስ ለእኔ ብቻ መጣ። ርቦኝ ነበር፤ በላሁ። ላካፍልም ብል የሚቀበለኝ አልነበረም። አንዱ እግሬ ሥር ተፋ።

ከዚያ አስተርጓሚው ጠራኝ። «ቅዳሜ ገበያው መሃል ቆመህ ለወገኖችህ በቋንቋህ ትናገራለህ። አማራ ጠላታችን ነው በል፤ በዚያው ቤትህ ትገባለህ።»

ሽማግሌው ሰምተዋል። «ነግሬያችሁ ነበር» አሉ ለሌሎቹ።

ቅዳሜ ሰንሰለቱን ፈትተው አወጡኝ። አስተርጓሚው የሰሜን ሰው ነው፤ አገውኛ አይሰማም። ሕዝቡን አየሁና በአገውኛ እንዲህ አልኩ፦ «የፈቱኝ አሁን ነው፤ አማራ ጠላታችን ነው ካላልክ መልሰን እናስርሃለን ብለውኛል። የታሰረ ሰው የሚላችሁን አትስሙ።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ገበያተኛው አንድ በአንድ ወደ እህሉ ዞረ። ያልኩትን ግን ከገበያተኛው አንዱ ሄዶ ለካፒቴኑ ተረጎመለት፤ ምሽጉ ግቢ ውስጥ ገረፉኝ።

ቆዳ ቤቱ ወለል ላይ በደረቴ ተኝቼ ሳለ ሽማግሌው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን ብትላቸው ነው?»

«ለእርስዎ አልተናገርኩም።»

ተነሥተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እስክንለያይ ድረስ ወዳጅ አልሆንንም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲሱ ገዢ እዚያው ገበያ ሕዝብ ሰብስበው ንግግር አደረጉ። «ይህ አገው በጠላት ፊት ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር ብሎ የተገረፈ ጀግና ነው!» ብለው በእጃቸው ጠቆሙኝ። ያልኩትን አልጠየቁኝም። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

አሁን አርጅቻለሁ። የጀርባዬ ጠባሳ ብዙም አይሰማኝም። ያ ጭብጨባዬ ግን ይከነክነኛል። ኢትዮጵያን ጠልቼ አይደለም፤ ያን ቅዳሜ በአገውኛ ያልኩት የራሴ ቃል ነበር፤ እሱም ይበቃ ነበር።